የአስተርጓሚዋ ጣቶች

ጥቅምት 4

ከሸሚዜ ጋር ተጣላሁ። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ስደርስ ጣቶቼ አንታዘዝም አሉ። ደርቀው ቀሩ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ አባብዬ፣ ተሳድቤ… ኋላ ለቀቅ አሉ። ከቤት የወጣሁት እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው። ጎረቤቴ ታላቅ እህቴ ናት፤ ካየች አለቀልኝ። እትዬ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ባትረግጥም ያልመረመረችው የሰፈር ሰው የለም። እስከ ዛሬ ያገኘችው በሽታ ግን አንድ ብቻ ነው፦ ብርድ።

ክፍል ስገባ እጄ ተፍታቷል። ባይፍታታ ጉድ ነበር፤ በእጄ ነው የማድረው። አዲሱ መምህር ያወራል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ የሚለውን በምልክት ቋንቋ አወርዳለሁ፣ ዶክተሬ ከፊት ወንበር ሆና በዓይኗ ትሰማለች። ዶክተር የምላት ለማሾፍ ነው፤ ገና ተማሪ ናት። መስማት የተሳናት የኮሌጁ የመጀመሪያ የሕክምና ተማሪ ስለሆነች ግን ከወዲሁ ኮራ ብላለች። ይገባታል።

መምህሩ ራሱን አስተዋውቆ ሳይጨርስ ስም አወጣችለት፦ ክራባት ጎታች። እውነቷን ነው፤ ቃል በጠፋው ቁጥር ክራባቱን ይጎትታል። የምልክት ስም የማውጣት መብት የማይሰሙት ብቻ ነው። የወጣበት ሰው ይግባኝ የለውም። እኔ ቀለበት አዟሪ ነኝ፤ እጄ ሥራ ሲፈታ ቀለበቴን አዞራለሁና። ዛሬ ግን ቀለበቱ አልዞር አለ… ወፍሬ ይሆን? በጣት ብቻ መወፈር አለ እንዴ?

ጥቅምት 21

እትዬ አየች።

«አሳዪኝ እስቲ… ውይ ውይ! ብርድ ነው።»

«እትዬ፣ ሰሞኑን እኮ ሙቀት ነው።»

«ሙቀት ያስወጣው ብርድ ነዋ!»

ለዚህ መልስ ያለው ይምጣ። የሱፍ ጓንት ይዛልኝ መጣች። በጓንት ላስተርጉም? አፍ ውስጥ ጨርቅ ጎስጉሶ ንግግር እንደማድረግ እኮ ነው።

የእኔ ምርመራ ይሻላል፦ ድካም። ይህ ሥራ ሁለት ሰው እየተፈራረቀ የሚሠራው ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «ሁለተኛ አስተርጓሚ በቅርቡ ይመጣል» ካለኝ ስንት ዘመኑ! በቅርቡ የሚባለው ሩቅ አገር ነው መሰለኝ። ፈረቃ ቢኖር ጣቶቼ ያርፋሉ፣ ካረፉ አያብጡም። በቃ። ሐኪም ዘንድ ምን ያስኬደኛል፣ ራሴ ደረስኩበት።

… እህቴን ነው የማማው? የአንድ እናት ልጆች።

ኅዳር 9

ኃላፊው አስጠራኝ። ወንበር ሳበልኝ። ወንበር የሚስብ አለቃ መቼም ለበጎ አይደለም።

«እጅሽን ያምሻል ሲሉ ሰማሁ።»

«ማን አለ?»

«ጤና ይቀድማል። ማረፍ ከፈለግሽ እንዳትሳቀቂ። ሰው አለኝ።»

ሰው ያለው የወንድሙን ልጅ ነው። የሁለት ሳምንት ኮርስ ወስዶ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አሳሽጎ ሰቅሎታል። ባለፈው ዶክተሬን በምልክት ሰላም ሊላት ሞከረ። ዞር ብላ ጠየቀችኝ፦ ምን አደረግኩት? ለምንድን ነው የሚዝትብኝ?

እኔ ካረፍኩ እሱ ይገባል። እሱ ከገባ ልጅቷ ትወድቃለች። ከወደቀች ደግሞ «ሞክረን ነበር፣ አልቻለችም» ይባልና በሩ ከኋላዋ ይዘጋል፤ ከእሷ በኋላ ለሚመጡትም ጭምር። ስለዚህ አላመመኝም። ሆድ ይፍጀው።

ኅዳር 26

ጉድ ፈላ። ከዛሬ ጀምሮ ትምህርቱ የመገጣጠሚያ ብግነት ሆኖ አረፈው። የሰውነት መከላከያ መገጣጠሚያን እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚዘምትበት። ዘበኛው የሚጠብቀውን ቤት ባለቤት ሲደበድብ ማለት ነው።

ክራባት ጎታች ስም ያዘንባል፦ ሳይቶካይን፣ ኢንተርሉኪን፣ ቲኤንኤፍ… ለአንዱም ምልክት የለንም። ምልክት ከሌለ ፊደል በፊደል በጣት መጻፍ ነው። አንድ ኢንተርሉኪን በጻፍኩ ቁጥር የቀኝ መካከለኛ ጣቴ እናቱን ይጠራል።

ከክፍል በኋላ ኮሪደር ላይ ተቀምጠን ምልክት ፈጠርን። ፈጠርን ማለቴ እሷ ትፈጥራለች፤ እኔ ከመጽሐፉ እያነበብኩ ምን እንደሚሠራ እነግራታለሁ።

«ሳይቶካይን ሥራው ምንድን ነው?»

መልእክት ነው አልኳት። አንዱ ሕዋስ አደጋ ያየ ሲመስለው ይለቀዋል። ሌሎች ሕዋሳት ተጠርተው ይመጣሉ። የመጡትም በተራቸው ይለቃሉ፣ ሌሎች ይመጣሉ… ቦታው ያብጣል፣ ይግላል፣ ያማል።

አሰብ አደረገች። ከዚያ አንድ እጇን እንደ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በሌላው አየሩን ቀዘፈችው። እትዬ! ቁርጥ እትዬ! ቤቴ የመጣች ጊዜ አይታታለች፣ ባልተጣራ ወሬ ሰፈሩን ስትጠራ።

ቲኤንኤፍስ? ዋናው ጯሂ? እትዬ በሁለት ስልክ።

ሳቅ ገደለን። እህቴ ሳታውቀው የሕክምና ቃል ሆነች። ብነግራት «ድሮስ» ነው የምትለው።

ታኅሣሥ 6

ክራባት ጎታች ዛሬ ስለ ታማሚዎቹ ተናገረ። «ጠዋት ጠዋት ጣቶች ከአንድ ሰዓት በላይ ይደርቃሉ… የሁለቱም እጅ አንጓዎች ያብጣሉ… ታማሚዋ ልብሷን መቆለፍ ያቅታታል…»

ሁሉንም ተረጎምኩ። በእነዚያው ጣቶች፣ በእነዚያው አንጓዎች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ የመጣኝ አልለየሁትም፤ ዋጥ አደረግኩት።

ለነገሩ «ታማሚዋ» ነው ያለው። እኔን መቼ በስም ጠራኝ…

ታኅሣሥ 14

ዶክተሬ፦ «ንግግርሽ ተበላሽቷል።»

በእጅ ሲወራ አንቱታ የለም። በዕድሜ እናቷን እሆናለሁ፤ እሷ ግን እንደ እኩያዋ ነው የምትሞልጨኝ።

«ምን ሆነ ንግግሬ?»

«የሰከረ ሰው ትመስያለሽ። ጡጫሽ አይጨበጥም፣ ግማሽ ላይ ይቀራል። ይኸኛው ጣት ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።» እጇን አነሳችና እኔን ሆነች። ሌላው የሰው ድምፅ ያስመስላል፤ እሷ ሕመሜን አስመሰለችው፣ እስከ ማቅማማቱ። ማየት አቃተኝ፣ ዞርኩ። ከእሷ መዞር ደግሞ በር ፊቷ ላይ መዝጋት ነው። ትከሻዬን ይዛ መለሰችኝ። እጄን ወስዳ አንጓውን ጫን አለችው።

«ይለሰልሳል። ያበጠው አጥንቱ አይደለም፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን ነው። ስስ የነበረው ሽፋን ወፍሯል። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

«መምህሩ ነው የነገረሽ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ።»

«እሺ፣ ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

ምን ብዬ ብመልስ ጥሩ ነው?

«ብርድ ነው።»

ከእትዬ አፍ ሰርቄ! ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ።

ታኅሣሥ 27

የውሃ ጠርሙስ ክዳን አልከፈት ብሎኝ ተጠምቼ ዋልኩ። ማንን ልጠይቅ? ኃላፊውን?

ጥር 3

ቀለበቱ በሳሙናም በዘይትም እምቢ አለ። ጣቴ ጠቆረ። ወርቅ ሠሪው በትንሽ መጋዝ ቆረጠው።

«ባለቤትሽ እንዳይቆጣ» አለኝ።

ባልስ የለኝም። የእናቴ ቀለበት ነበር። ሱቁ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ለእናቴ ይሁን ለጣቴ፣ እንጃ።

ጥር 15

ብዕሩ እየተንሸራተተኝም ቢሆን የዛሬውን መጻፍ አለብኝ።

ክራባት ጎታች ጥፋቱ ላይ ደረሰ። ያበጠው ሽፋን በማበጥ ብቻ አያበቃም። እንደ አረም እየተሳበ ልም አጥንቱ ላይ ይወጣል፤ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ ጫፉ ላይ የተነጠፈው ልስልሱ ነገር ላይ። የሽፋኑ ሕዋሳት ጠባያቸው ይለወጣል። ልም አጥንቱን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይረጫሉ። እነዚያው ጯሂዎች ደግሞ አጥንት በሊታ ሕዋሳትን ይቀሰቅሳሉ፣ አጥንቱም ከጠርዙ ይቦረቦራል።

«አንዴ የተቦረቦረ አጥንት» አለ ክራባቱን እየጎተተ፣ «በአብዛኛው አይመለስም።»

«አይመለስም» የሚለውን ስሠራ ዶክተሬ ጣቴን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ጨፈነች። የሚሰማ ሰው ጆሮውን ቢደፍን ጥቂት ይገባዋል። እሷ ከጨፈነች ግን አለቀ። እኔ የለሁም። ጠረጴዛውን መታ መታ አደረግኩ፣ ንዝረቱ ይሰማታልና። ጭራሽ ጥርሷንም ነከሰች።

«ተኝታለች?» አለ ክራባት ጎታች።

በሥራችን ሕግ የተባለው ሁሉ ይተረጎማል። ለተጨፈነ ዓይን «ተኝታለች?» ብዬ ተረጎምኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«አልተኛችም» አልኩ። ክፍል ውስጥ የራሴን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። «አኩርፋ ነው።»

«ማንን?»

«እኔን።»

እስከ መጨረሻው ቆሜ ተረጎምኩ። ለማን? ለወንበሩ።

ውጭ ጠበቅኳት። ዓይኗን ገልጣ ወጣች።

«ትምህርት አመለጠሽ!»

«እኔ አንድ ቀን አመለጠኝ። አንቺ ስንት ወር አመለጠሽ?»

«እኔ ከቀረሁ የወንድሙ ልጅ ነው የሚገባልሽ። ታውቂያለሽ?»

«ለእኔ ብለሽ ነው? ማን ለመነሽ? እጅሽ ሲያልቅ ያው እሱ ነው የሚገባው። ያኔ ደግሞ ለሁልጊዜ።»

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ሐኪም ጋ እስክትሄጂ ነገም እጨፍናለሁ» ብላ ሄደች።

ጥር 16

ጨፈነች።

ጥር 17

ጨፈነች። ኃላፊው ወሬው ደርሶት በር ላይ ቆሞ አየን። ደስ ሳይለው አልቀረም።

በሬ ወለደ ቢሉኝ ማመን ይቀለኝ ነበር፤ በአንዲት ልጅ ሽፋሽፍት ተሸነፍኩ። ግን ለጨፈነ ሰው እሺን እንዴት ይነግሩታል? እጇን ይዤ ራሴ ላይ አደረግኩትና ነቀነቅኩ። ገለጠች። ሳቀችብኝ፣ የማትረባ።

ጥር 27

የመገጣጠሚያ ሐኪሟ ክፍል። ሴትዮዋ ዝግ ያለች፣ የማትቸኩል።

«ምን አጋጠመሽ?»

«ታማሚዋ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ ይደርቃሉ። ልብሷን መቆለፍ ያቅታታል…»

«እሷ የት አለች?» ብላ ከኋላዬ አየች።

ከኋላዬ ማንም የለም። ለካ ሌላ ሰው ሆኜ ስናገር ኖሬ የራሴ ጠፍቶኛል። መምህሩ «እኔ» ሲል በእጄ «እኔ» እላለሁ። ልጅቷ «እኔ» ስትል በአፌ «እኔ» እላለሁ። ስንቱን ሰው ሆኛለሁ፤ ራሴን ግን አልሆንኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ በስንት መከራ። «እኔን ነው የሚያመኝ።»

እንዲህ ማለት እንዲህ ይከብዳል? ደም ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሳሁ፣ ቤቴ ገብቼ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

የካቲት 5

ውጤት መጣ። ደሜ ውስጥ የገዛ ሥጋዬን እንደ ባዕድ የሚያሳድድ ፀረ እንግዳ አካል ሞልቷል። ራጁ ላይ የቀኝ መካከለኛ ጣቴ አንጓ ከጠርዙ ትንሽ ጎድሏል። አይጥ የቀመሰው ብስኩት።

«ቀደም ብለሽ መጥተሽ ቢሆን ይቺን ላናያት እንችል ነበር» አለች ሐኪሟ። «የቀሩትን ግን ለማትረፍ ጊዜ አለን።»

በሳምንት አንዴ ብቻ የሚዋጥ ክኒን። ብግነቱን ያበርዳል፣ ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል። እስከዚያ እጅ ይረፍ። በምልክት ማስተርጎም ክልክል።

ጉድጓዷን ደጋግሜ አየኋት። ተናደድኩ። በኃላፊው ልናደድ ሞከርኩ፣ በእትዬ ሞከርኩ… ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ መጣ። ቀን በቀን ቆሜ ስነግር የኖርኩትን ነገር!

እትዬ ራጁን ወደ መስኮት አቅንታ መረመረችው። ጉድጓዷ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይኸው! ብርዱ የገባበት ቀዳዳ!»

የካቲት 9

ዶክተሬና እኔ ኃላፊው ቢሮ። እጄ ታግዷል፣ አፌ አልታገደም፤ እሷ በእጇ ትናገራለች እኔ በድምፅ እላለሁ።

«ችግር የለም» አለ ኃላፊው፣ ለማዘን እየሞከረ። «የወንድሜ ልጅ ይገባል።»

«ይጠራና እዚሁ ያስተርጉም» አለች።

መጣ፤ አዲስ ኮት ለብሷል። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ «ኮሌጁ ለሁሉም ተማሪዎቹ እኩል ያስባል በላት» አለ። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ እጁን አወራጨ። እሷ በጥሞና ተከታተለችው፣ እንዲደግምላት በትሕትና ጠየቀችው፣ ደገመላት። ከዚያ ወረቀት ላይ የገባትን ጻፈችና ለኃላፊው አቀበለችው።

ኃላፊው አነበበ። ደግሞ አነበበ። «ዝሆን?» አለ።

ሳልስቅ መቆሜን አምላክ ያውቃል። ልጁ ግን አሳዘነኝ፤ አጎቱ ነው የማይችለውን ያሸከመው።

የካቲት 24

ጉድ በል! በቅርቡ የሚባለው አገር ለካ መንገድ አለው። እውነተኛ አስተርጓሚ ተቀጠረ። ረጋ ያለ ጎልማሳ፤ ሲያስብ ጢሙን ያካል። ዶክተሬ ወዲያው ጢም አካኪ አለችው። እሱም እንደ ሁላችንም ይግባኝ አጣ።

ሚያዝያ 18

ሥራ የፈታ እጅ ምን ያደርጋል? ማዞሪያ ቀለበት እንኳ የለው። ዛሬ ግን ሸሚዜን ቆለፍኩ። ሦስተኛውን ቁልፍ አልፌ አንገቴ ድረስ። አንቆ ሊገድለኝ ደርሶ አልፈታሁትም።

እትዬ ክኒኔ ቀን ሲደርስ ትደውልልኛለች። ግድግዳ ነው የሚለየን፣ ትደውላለች። «ዋጥሽ? ዛሬ ነው እኮ! ነገ እንዳትደግሚ!» ጩኸቷ ለአንድ ጊዜ እንኳ ጠቀመኝ። የሱፍ ጓንቱን ግን አልረሳችውም።

ሰኔ 12

የዶክተሬ የቃል ፈተና። ሦስት ፈታኞች፣ መሃል ላይ ክራባት ጎታች። ጢም አካኪ ጥያቄውን በእጁ ያደርስላታል፣ እሷ በእጇ ትመልሳለች፣ እኔ በድምፅ እላለሁ። አንድ ቃል አይጨመር፣ አንድ ቃል አይቀነስ።

የጥያቄ ዕጣ ስታወጣ ምን ይውጣላት? የመገጣጠሚያ ብግነት። ወረደችበት! እትዬ በስልክ፣ እትዬ በሁለት ስልክ፣ አጥንት በሊታው፣ አረሙ… እኔ ሳቄን ውጬ በክብር «ሳይቶካይን… ቲኤንኤፍ…» እላለሁ።

«በሕክምናው ዋናው ነገር ምንድን ነው?» አለ ክራባት ጎታች።

«ጊዜ ነው። አጥንት ሳይጎዳ መጀመር። ታማሚዎች ግን ይዘገያሉ። የማውቃት አንዲት ሴት አለች…»

እጇን አየሁ። ታደርገዋለች? አደረገችው!

«በሽታዋን በገዛ እጇ እያስተረጎመች አላመመኝም የምትል ናት። ግትር። ከበቅሎ የባሰች። ስትጠየቅ ብርድ ነው ትላለች።»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ምን ላድርግ? ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል ሳልውጥ፣ ራሴን ሰደብኩ። በቅሎዋንም አልዘለልኩም።

ከዚያ እጆቿ ቀስ አሉ። የተናገረችውን አየሁ። «ጨርሻለሁ» አልኩ በእሷ ስም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አድርጌው አላውቅም፤ ስድቡን ተናግሬ ምስጋናውን ዋጥኩ።

ከንፈሬን ስታይ ኖራ ጠረጴዛውን መታች። «ቀርቷል። በይው።»

«ፈተና ላይ ነሽ እኮ!» አልኳት በእጄ፣ በተከለከለው።

ዓይኗን ጨፈነች። ፈታኞቿ ፊት!

እጇን ያዝኩ። ጉሮሮዬ ላይ አደረግኩትና ተናገርኩ። «የዚያች ሴት አንድ አጥንት ተቦርቡሯል። አይመለስም። የዘገየችው እኔ ከትምህርቴ እንዳልቀር ብላ ነው። እዚህ የመለስኩት ሁሉ በዚያ ጣት በኩል ነው የመጣልኝ። አላመሰገንኳትም ነበር።»

ንዝረቱ እስኪቆም ጠብቃ ገለጠች። ክራባት ጎታች ክራባቱን ጎተተ።

አለፈች። ከእንግዲህ እውነተኛ ዶክተር ልትሆን ነው፤ በምን አሾፍባታለሁ?

ውጭ ደረጃው ላይ አስቆመችኝ። ቀለበት የለሽምና ቀለበት አዟሪ ውሸት ሆኗል አለች። የቀኝ መካከለኛ ጣቷን አወጣች፤ ቀጥ ሳይል፣ ግማሽ ላይ ታጥፎ፣ ልክ እንደ እኔው። ስሜ ነው። ጢም አካኪ አይቶ ደገመው፣ ውጭ ሲጠብቋት የነበሩ ጓደኞቿም ደገሙት።

ሠራሁት። ሌሎቹ ጣቶቼ ቀጥ አሉ፣ ያ አንዱ ታጠፈ። እኔ ብቻ ነኝ ሳልለፋ የምሠራው። ይግባኝ አልጠየቅኩም።